ስለ ቡና ቅጠል ቢጫ መሆን

የቡና ቅጠል ቢጫ ሆነ በተባለ ጊዜ ዛፉ ሁሉ ይነቀል ብሎ ማዘዝ አይገባም፤ ዝም ብሎ መተውም ጥፋት ነው። በጊንጆ ጉዱሩ በግቢው ጥቂት ዛፍ ላለው፥ በጎማና በማናም ሰፊ ተክል ላለው ነገሩ አንድ ነው። አስቀድሞ ቅጠሉ ተገልብጦ ይታይ።

ከቅጠሉ በታች የብርቱካን መልክ ያለው ዱቄት ቢገኝ ዋግ ነው። ይህ በሽታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1869 ዓ.ም. በሴሎን ደሴት ታይቶ የአገሩን ቡና ስላጠፋው ገበሬዎቹ ወደ ሻይ ተክል ዞሩ። በእኛ አገር ግን የቡናው ዘር ልዩ ልዩ ስለ ሆነና በጥላ ሥር ስለሚያድግ እንደዚያ ያለ ጥፋት አላደረሰም፤ መግረዝና ማዳበር እንጂ መንቀል አያስፈልገውም። አሮጌው ቅጠል ያለ ነጠብጣብ እኩል ቢገረጣ ደግሞ የመሬቱ ረኃብ ነው፤ ፍግና የበሰበሰ የቡና ገለባ ይሰጠው።

የሚያስፈራው አድርቅ ነው። ቅጠሉ ጠውልጎ ቢጫ ይሆናል፥ ብዙ ጊዜም በዛፉ አንድ ወገን ይጀምራል፤ ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱ ቢላጥ እንጨቱ ጠቁሮ ይታያል። ይህን ያየ ሰው ዝናብ አይጠብቅ፤ ዛፉ አይድንም። በሽታው በቁስል ይገባልና፥ አራሚው የታመመውን ግንድ በነካበት ገጀራ ጤነኛውን ሲያቆስል እርሱ ራሱ ያጋባዋል። ስለዚህ የታመመው ከነሥሩ ተነቅሎ በቆመበት ስፍራ ይቃጠል፤ በጤነኛው መካከል አይጎተት። ገጀራው በእሳት ይለብለብ፤ በግንዱ ዙሪያ ያለው አረም በእጅ ይነቀል፤ በስፍራውም ሁለት ዓመት ያህል ቡና አይተከል። ፍሬ የያዘ ዛፍ መንቀል ለባለቤቱ ይከብደዋልና፥ ሹሙ በቁጣ ከሚያዝዘው ይልቅ ቅርፊቱን ልጦ ቢያሳየው ይሻላል።