ስልካችንም በር አለው

 

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኑር ሳናስፈቅድ ወደ ሰው ቤት እንዳንገባ፣ በሱረቱል ሑጁራትም ሰውን እንዳንሰልል አዞናል። የቤታችንን ክብር እንዲህ ከጠበቀልን፣ በስልካችን በኩል ማን እንደሚገባብን ልናውቅ አይገባንምን?

የሶላት ወቅት የሚያሳውቁ አፖችን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና አውታር አንድ ዘገባ አወጣ። ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የተጫነው «ሙስሊም ፕሮ» ተጠቃሚዎቹ ያሉበትን ቦታ ኤክስ-ሞድ ለተባለ ኩባንያ ይሰጥ ነበር፤ ኩባንያው ደግሞ መረጃ ለአሜሪካ ጦር ተቋራጮች ይሸጥ ነበር። ሙስሊም ፕሮ ወዲያው ግንኙነቱን ማቋረጡን አስታወቀ። ሆኖም አንዴ የወጣ መረጃ አይመለስም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የሶላትን ወቅት ለማስላት የከተማችን ስም ይበቃል። አፑ ሎኬሽን እንድንፈቅድለት ሲጠይቅ ከልክለን አዲስ አበባን ወይም ደሴን ራሳችን እንምረጥ። ቂብላም ቢሆን ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው።

የስልክ ቁጥሮቻችንን ልይ የሚል የሶላት አፕ ቢያጋጥመንስ? ትተነው ሌላ እንፈልግ። እዚያ የተመዘገበው የጎረቤትና የዘመድ ቁጥር የእኛ ንብረት ሳይሆን በእጃችን ያለ አማና ነውና። ለቤተሰብ መልእክትም ማስታወቂያ የሌለውና ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው «ሲግናል» አለ።

እናቶች፣ አባቶች! ዛሬ ከዒሻ በኋላ ከልጆቻችን ጋር ሴቲንጉን ከፍተን ለማን ምን እንደፈቀድን አንድ በአንድ እንይ።

ወላሁ አዕለም።