ከአልጋው ጎን የሚያጉረመርመው ሳጥን

ቁመቱ ከጉልበት ብዙም አያልፍም፤ በትንንሽ ጎማዎች ይገፋል። ሲበራ ያጉረመርማል፣ በየጥቂት ሰከንዱም «ፍስ» ይላል። መጀመሪያ ቀን እንቅልፍ የነሳው ቤተሰብ፣ ውሎ አድሮ የሚባንነው ድምፁ ሲቋረጥ ነው። ስሙ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነው።

ሳጥኑ ኦክስጅን አይፈጥርም፤ ያጠልላል። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ማሽኑ አየሩን አምቆ ዚዮላይት በሚባል ማዕድን በተሞሉ ሁለት ማጣሪያዎች ተራ በተራ ያሳልፈዋል። ማዕድኑ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀራል፤ ማጣሪያው ሲጠግብ መልሶ ይተፋዋል። «ፍስ» የሚለው ያኔ ነው። በቀጭኑ ቱቦ አፍንጫ ጋ የሚደርሰው አየር በደህና ማሽን ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን ነው።

ሳጥኑ ከሚታዘዝላቸው ሕመሞች አንዱ የሳንባ ደም ግፊት ነው፤ ይህ በክንድ ከሚለካው የተለየ ነው። ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት በጤነኛ ሰው ዕረፍት ላይ በአማካይ ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ግፊቱ ይብሳል፣ ቀኝ ልብ ይደክማል፣ እግር ያብጣል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ ራሱ ስስ ነው።

ሳጥኑ ግን ለሁሉም ታማሚ አይታዘዝም። ኦክስጅን መድኃኒት ነው፤ በደቂቃ ስንት ሊትር፣ በቀን ስንት ሰዓት የሚለውን የሚወስነው የደሙን ኦክስጅን የለካው ሐኪም ነው። ጠያቂ ዘመድ አዝኖ «እስቲ ጨምሩለት» ቢልም ቁልፉ አይነካም፤ አንዳንዱ ታማሚ ላይ ትርፉ ኦክስጅን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያከማቻል።

በእኛ ቤት ከባዱ ነገር ቡናው ነው። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ በአጠገቡ ያለውን እሳት ግን ያፋፍማል። ስለዚህ የከሰል ምድጃው፣ ዕጣኑና ጧፉ ከዚያ ክፍል ይወጣሉ። ጭሱ ለታመመ ሳንባ ድሮም ጠላት ነበር። ቱቦው ያደረቀው አፍንጫም ቫዝሊን ወይም ቅቤ አይቀባም፤ ቅባት በኦክስጅን መሃል ቶሎ ይቀጣጠላልና፣ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ከፋርማሲ ይጠየቃል።

የአየር ማስገቢያው ስፖንጅ በየሳምንቱ ታጥቦ ይደርቃል፤ ማሽኑም ከግድግዳና ከመጋረጃ ራቅ ይላል። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ ዝም ይላል። ለዚያ ሰዓት የተሞላ የኦክስጅን ሲሊንደር በቅርብ ይቀመጣል፤ መክፈቻው እዚያው ይንጠለጠላል፣ አከፋፈቱንም ከቤቱ ልጆች ከፍ ያለው ሁሉ አስቀድሞ በቀን ብርሃን ይለማመደዋል።