ኳስ ተጫዋች የሚሮጠው በምን ጉልበት ነው?

የአካል ብቃት አሰልጣኝ ነኝ። በአሽዶድ ከተማ ሮቫ ቴት ሰፈር ሜዳ ዳር ወላጆች «ኳስ የፍጥነት ጨዋታ ነው፤ ረጅም ሩጫ ለልጄ ምን ይሠራለታል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ብዙ ይሠራለታል።

1. ታላላቅ ተጫዋቾች በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይሸፍናሉ። 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው ጉልበት የሚመጣው በኦክስጅን ነው፤ ኤሮቢክ የምንለው ይህ ነው።

2. ጨዋታ የሚለውጠው ግን ከ2 እስከ 4 ሰከንድ የሚቆይ ሩጫ፣ ዝላይና ንጥቂያ ነው። ይህ ያለ ኦክስጅን የሚሠራው አናኤሮቢክ ነው፤ ጉልበቱ በዋናነት ጡንቻ ውስጥ ከተጠራቀመ ክሬቲን ፎስፌትና ግላይኮጅን ይወጣል።

3. ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ልጁ አጥቅቶ ሲመለስ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያለከልክ፣ ኦክስጅኑ ያለቀውን ክሬቲን ፎስፌት እየሞላለት ነው። ለምሳሌ፣ እዚሁ በአሽዶድም የተጫወተው ባሩክ ዴጎ እ.ኤ.አ. በ2004 ለማካቢ ቴል አቪቭ አያክስ ላይ ሁለት ጎል አግብቷል። ጎሎቹ የሰከንዶች ሥራ ናቸው፤ የቀረው ሩጫ በአብዛኛው የኦክስጅን ነው።

4. ከጨዋታ በማግስቱ የሚሰማው የጡንቻ ሕመም በአናኤሮቢክ ሥራ ከሚፈጠረው ላክቲክ አሲድ አይደለም። እሱ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ይጸዳል።

ስለዚህ ልጆቹን ኤሮቢኩንም አናኤሮቢኩንም አሠልጥኗቸው፤ ለወጣቶች ከኳስ ጋር 4 ጊዜ 4 ደቂቃ ጠንከር ያለ ሩጫ፣ በመሃል 3 ደቂቃ ሶምሶማ ጥሩ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ እመልሳለሁ።