በዓል በስደት፦ ሳጃና ያስተማረን

ብዙ ወላጆች በዓል በተቃረበ ቁጥር ወደ እኛ ወደ መምህራን እየመጡ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። «በስደት ላይ ምን በዓል አለ? በግ የለ፣ ዶሮ የለ፣ ዘመድ የለ። ለልጆቹ ባናስታውሳቸው አይሻልም?» ይሉናል። ጥያቄው ከችግር የመነጨ ስለሆነ አቃልለን አናየውም። ሆኖም ካርቱም ውስጥ፣ ሳጃና በሚባለው ሰፈር በኖርንበት ዘመን ያየነውን ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አስበናል።

ሳጃና ከጦርነቱ በፊት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ስደተኞች በብዛት ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነው። በሱዳን ዋናው የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ ፋሲካ የሚውልበት እሑድ የሥራ ቀን ነበር። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ፈቃድ ካላገኘች በዓሉን የምታከብረው ማታ ስትመለስ ነው። ጤፍ ውድ ስለነበረ እንጀራው በማሽላ ዱቄት ተደባልቆ ይጋገራል። በጠላ ፈንታ ከርከዴ ይቀርባል። ይህም ሆኖ ልጆቻችን «ዘንድሮ በዓል አልነበረም» ሲሉ ሰምተን አናውቅም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የሚያጽናናው ሥርዓቱ ነው

ስደት ከልጅ ላይ ከሚወስዳቸው ነገሮች አንዱ ነገ ምን እንደሚሆን ማወቅን ነው። በዓል ግን ቀኑ የታወቀ፣ አደራረጉም የታወቀ ነው። ማን ቡናውን እንደሚያፈላ፣ ማን ቄጤማውን እንደሚጎዘጉዝ፣ ማን እጅ እንደሚያስታጥብ ልጁ አስቀድሞ ያውቃል። የራሱም ድርሻ አለው።

ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ የተጀመረው ቅዳሜ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት ነው። ዕለቱ ቅዳም ሹር ነበር፤ ፋሲካ በማግሥቱ ነው። ለሙስሊም ወገኖቻችንም የረመዳን ጾም ሊፈታ ስድስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ሽንኩርቱ እንደ ተከተፈ ቀረ። በዚያ ሌሊት አንዲት ጎረቤታችን በሯን ዘግታ፣ ልጆቿን ከመስኮት አርቃ፣ የነበራትን እንጀራ በሽሮ አቀረበች። የመጨረሻው ልጅ እንደ ልማዱ ዞሮ ሁሉንም እጅ አስታጠበ። ይህ ልጅ ዛሬ ስለዚያ ሌሊት ሲጠየቅ ቀድሞ የሚናገረው ስለ ተኩሱ አይደለም። «እጅ ያስታጠብኩት እኔ ነኝ» ይላል።

የትምህርት ቤት ድርሻ

ቤተሰብ ያጎደለውን ትምህርት ቤት ሊሞላ ይችላል። ለእንቁጣጣሽ ወንዶቹ ሥዕል ሥለው ለጎረቤት እንዲያድሉ፣ ሴቶቹ አበባየሆሽ እንዲሉ እናደርጋለን። ለሥዕሉ ያለቀ ደብተር ባዶ ገጽ ይበቃል። ለዒድ ሙስሊም ተማሪዎች የበዓላቸውን አከባበር ለክፍሉ ያስረዳሉ፤ ክርስቲያኖቹም ሄደው እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ።

በዓል ለትምህርትም ይረዳል። በዘመን ቁጥሩ ላይ 5500 ደምረን ለ4 ስናካፍል 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 2015ን ብንወስድ ድምሩ 7515 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ስለዚህ ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ ጳጉሜም 6 ቀን ሆነች። በዚህም የተነሣ በ2016፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና በታኅሣሥ 29 ፈንታ በ28 ዋለ። ማካፈል የሚያስጠላው ተማሪ ሁሉ ይህን ሒሳብ ሲሠራ ደስ ይለዋል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። በቡሄ ጅራፍ ማጮህ የቆየ ልማድ ነው፤ ድምፁ ግን ተኩስ ይመስላል። ከጦርነት የመጡ ልጆች ሲደነግጡ ስላየን ጅራፉን ትተን ሆያ ሆዬውንና ሙልሙሉን አስቀረን። ልማድ በዚህ መንገድ ቢቀነስ አይጠፋም።

ምን እናድርግ?

1. የበዓሉን ቀን ለልጆች ከሳምንት በፊት እንንገራቸው።
2. ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ለትንሹም ቢሆን፣ አንድ ሥራ እንስጠው።
3. ያለንን ከጎረቤት ጋር እናዋጣ። የሦስት ቤት ቡና በአንድ ጀበና ሊፈላ ይችላል።
4. ወላጅ የሌላቸውን ልጆች አስቀድመን እንጥራ፤ በበዓሉ ዕለት መጠራት እንደ ልመና ይሰማቸዋል።
5. የሞቱትንና የተለዩንን በስም እናንሳ። ልጅ ቢያለቅስ «በበዓል አይለቀስም» ብለን አንቆጣው። አቦሉና ቶናው ለጨዋታ ከሆነ፣ በረካው የሌሉትን ለማስታወስ ይሁን።

በዓል ችግራችንን አያስወግድም፤ ራሽንም አይጨምርም። ነገር ግን ልጆቻችን አንድ ቀን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በገዛ በዓላቸው እንግዳ እንዳይሆኑ ያደርጋል። ስለዚህ በግ የለም ብለን በዓሉን ከልጆቻችን አንደብቅ። ውሃና ማስታጠቢያ ካለ፣ የሚያስታጥብ ልጅ አለን።