የማይዝግ ቢላ ይቆርጣል ወይ?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። ዓሣ የሚበላበት አገር ነውና ቢላ ሥራ አይፈታም፤ ቅርፊት ይፋቅበታል፣ ሥጋ ከአጥንት ይለይበታል፣ ሎሚም ይቆረጥበታል። ውሃ፣ ጨውና ሎሚ ሲገናኙ ብረት ቶሎ ይዝጋል፤ ስለዚህ ሸማቹ «ስቴንለስ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ግን አለመዛግ ሌላ፣ መቁረጥ ሌላ።

ከዝገት የሚያድነው ክሮሚየም ነው። ከብረቱ 10.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑ ቢጫርም ራሱን ይጠግናል። ስለት የሚያጸናው ደግሞ ካርቦን ነው። ሁለቱ ይሻማሉ፦ ካርቦን ሲበዛ ክሮሚየሙን ይዞ ጠንካራ ቅንጣት ይሆንና ለሽፋኑ የሚተርፈው ያንሳል። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሪርሊ በ1913 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ ውስጥ ለጠመንጃ አፈሙዝ የሚሆን ብረት ሲፈልግ ያገኘው ቅይጥ ክሮሚየሙ 12.8፣ ካርቦኑ 0.24 በመቶ ነበር። የከተማዋ ቢላ ሠሪዎች «የማይቆርጥ ቢላ ፈልሳፊ» እያሉ ቀለዱበት፤ ቀልዱ ዛሬም ለብዙ ርካሽ ቢላ ይሠራል።

ገበያ ሲወጡ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ኪስ ውስጥ ይያዙ። ማንኪያና ድስት የሚሠራበት የማይዝግ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ማግኔት አይስበውም፤ በእሳትም አይጠነክርም። ስለቱን ማግኔት ካልሳበው ይተዉት። ቢስበውም ገና ነው። ርካሹ ቢላ ካርቦኑ 0.3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የተሻለው የወጥ ቤት ቢላ 0.5 በመቶ ካርቦንና 15 በመቶ ክሮሚየም አለው። ይህም ሆኖ ብረቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግሎ በወጉ ካልቀዘቀዘ ከንቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ቢላው ላይ ያለ ምንም ማኅተም አይናገርም።

የሚናገረው ስለቱ ነው። ቢላውን ስለው ለጥቂት ቀን ይሥሩበት፤ ከዚያ ስለቱን ወደ ላይ አድርገው በብርሃን ፊት ለፊት ይዩት። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም። ነጭ መስመር ካብለጨለጨ ስለቱ ታጥፏል፣ ብረቱ ለስላሳ ነው። በነጥብ በነጥብ ከታየ ተሸርፏል፣ ከልክ በላይ ደርቋል ማለት ነው። እኔ ለዓሣ ከሆነ ትንሽ ለስላሳውን እመርጣለሁ፤ ቶሎ ቢዶለዱምም ቶሎ ይሳላል።

ለእርድና ለሥጋ ግን ቀጥቃጭ ከመኪና ባሌስትራ የሠራውን ካራ የሚያህል የለም። ካርቦኑ ከ0.5 በመቶ በላይ፣ ክሮሚየሙ ከ1 በመቶ በታች ነውና እርጥብ ካደረ ይዝጋል፤ ስለቱ ግን ይቆያል። በስመ አብ ብሎ ለሚያርደውም ቢስሚላህ ብሎ ለሚያርደውም ይኸው ነው የሚፈለገው። ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ሐይቅ ዳር በሚገኘው እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአበምኔቱ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ብራና ሲፋቅና ብርዕ ሲቀረጽ የነበረውም በሚዝግ ብረት ነው፤ የማይዝገው ገና ከ600 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።

የማይዝገውንም ቢሆን በረኪና ውስጥ አያሳድሩት። ክሎሪን ያንን ስስ ሽፋን በነጥብ በነጥብ ይበሳውና ጥቁር ጉድጓድ ያወጣል፤ ጉድጓዱ ስለቱ ላይ ካረፈ ቢላውን ወደ ውስጥ ሞርዶ አዲስ ስለት ከማውጣት ሌላ መላ የለውም።