ማየ አይኅና ደራሽ ውኃ

መከራን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ይገባል፤ ስሙ ከተሳተ መድኃኒቱም ይሳታልና። በክረምት ወንዝ ሞልቶ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ አንዳንዱ «ማየ አይኅ መጣብን» ሲል፥ ሌላውም ልዩ ልዩውን አደጋ ሁሉ «ጎርፍ» ብሎ ጽፎ ሲያልፍ ይታያል።

«ማየ አይኅ» የግዕዝ ቃል ነው። «ማይ» ውኃ፥ «አይኅ» ምድርን የሚያሰጥም ታላቅ ውኃ ማለት ነው፤ በአማርኛም «የጥፋት ውኃ» ይባላል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 እንደ ተጻፈው፥ እግዚአብሔር ምድርን ዳግመኛ በእንዲህ ያለ ውኃ እንዳያጠፋ ለኖኅ ቃል ኪዳን ሰጥቶታል። ስለዚህ የአንድን ወንዝ ሙላት በዚህ ስም መጥራት ቃል ኪዳኑን መዘንጋት ነው። ደግሞም ሰው ሊከላከለው የሚችለውን ጉዳት ከሰማይ እንደ ታዘዘ አድርጎ፥ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

የአማርኛ ቋንቋችን ለየአደጋው ስም አለው። «ደራሽ» በሩቅ ደጋ ዘንቦ፥ ባልዘነበበት ቆላ በድንገት የሚደርስ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ በሌሊት የመጣው እንዲህ ያለ ነበረ። «ሙላት» ወንዝ ከዳሩ ወጥቶ ሜዳውን ሲከብ ነው፤ በዚያው ክረምት ኦሞ በደቡብ ኦሞ ያደረገው ይህን ነው። «ናዳ» ግን ውኃ የጠገበ ተራራ ሲናድ ነው፤ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከ200 የሚበልጥ ሰው ፈጅቷል። ከሞቱትም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡ ነበሩ።

የአርባ ምንጭ ጠባቂ ደራሹን ሊረሳ አይገባውም። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ወርዶ፥ በከተማው በኩል አልፎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይገባል፤ በከተማው ፀሐይ ወጥታ ሳለ በደጋው ሊዘንብ ይችላል። የአባያም ሐይቅ ውኃ መቅላቱ ከደጋው ለሚታጠበው አፈር ምስክር ነው። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ግን በደን ጥላ ሥር ጥሩ ውኃ ያፈልቃሉ። ደን ባለበት ውኃ በረከት፥ በተራቆተበትም መቅሠፍት እንደሚሆን ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ ሹማምንት አደጋውን በስሙ ለይተው ይጻፉ፤ ለደራሽ የደጋው ሰው ለቆላው ፈጥኖ ይደውል፥ ለሙላት ሕዝብና ከብት አስቀድሞ ይነሣ፥ ከናዳ በታችም ማንም አይሰብሰብ። ካህናትም ማየ አይኅን ለኖኅ ዘመን ትተው፥ ኖኅ ውኃው ሳይመጣ መርከብ እንደ ሠራ ለምእመናን ያስተምሩ።