ለወዳጅ ዜማ ስለ መምረጥ

ሰው ለወዳጁ መጽሐፍ ቢያውሰው፥ መጽሐፉ ባይጥመው እንኳ ወዳጁ ስድስት ወር አስቀምጦ «ገና አልጨረስሁትም» እያለ ያመልጣል። ለዜማ ግን እንዲህ ያለ ማምለጫ የለውም፤ ሦስት ደቂቃ ካዳመጠ በኋላ ፊቱ እውነቱን ይናገራል። ለሌላ ሰው ሙዚቃ መምረጥ ምን ያህል ኀላፊነት ያለበት ሥራ መሆኑን እኔ የተረዳሁት ባለፈው ክረምት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሳለን በአንድ ክፍል አብረን ያደርን አንድ ወዳጄ፥ ተመርቆ ከአዲስ አበባ ርቃ ወደምትገኝ አንዲት የወረዳ ከተማ በሥራ ተመድቦ ሄደ። ቀኑን በመሥሪያ ቤቱ ከባለጉዳይ ጋር ሲነጋገር ይውላል፤ ማታ ግን ዘመድ የለ፥ ጓደኛ የለ፥ ከተከራያት ክፍል ገብቶ ግድግዳ ሲያይ ያመሻል። አንድ ምሽት ደውሎ፤ «ቀኑስ ያልፋል፤ የከበደኝ ማታው ነው። ጭንቅላቴን የማያደክም፥ ብቻዬን መሆኔንም የማያስታውሰኝ አንድ የሚሰማ ነገር ምረጥልኝ» አለኝ።

እኔም አምቢየንት የሚባለውን የሙዚቃ ዓይነት ያገኘሁበት ሰሞን ስለ ነበረ፥ እንደ አዲስ ሀብታም ያለኝን ሁሉ ለማሳየት ቸኰልሁ። አርባ ያህል ሙዚቃ ያለ አንዳች ማብራሪያ በስልኩ ላክሁለት። ከሳምንት በኋላ የመጣልኝ መልስ አጭር ነበር፤ «ወንድሜ፥ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

በመጀመሪያ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ አፈርሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው። የላክሁለት ለእርሱ የሚበጀውን ሳይሆን የራሴን ዐዋቂነት ነበር። ስለዚህ እንደ ገና ጀመርሁ። አርባውን ትቼ አራት ብቻ መረጥሁ፤ እያንዳንዱ መቼና እንዴት እንደሚሰማም ጻፍሁለት። ከአንባቢዎቼ መካከል እንደ ወዳጄ ማታው የከበደው ቢኖር፥ አራቱን እነሆ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። አምቢየንት ማለት «ዙሪያውን የከበበ» እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ የቈየ ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤሪክ ሳቲ በ1917 «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» የሚል ነገር አመጣ፤ ይኸውም እንደ ወንበርና እንደ መጋረጃ በክፍሉ ውስጥ የሚኖር እንጂ ሰው ሥራውን ትቶ የማያዳምጠው ሙዚቃ ማለቱ ነው። በ1920 በፓሪስ በአንድ የሥዕል ማሳያ ቤት በቴአትር ዕረፍት ጊዜ ቢያሰማው፥ ታዳሚዎቹ ወሬያቸውን አቋርጠው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። ሳቲ እንዲያወሩና እንዲዘዋወሩ ቢለምናቸውም እሺ እንዳላሉት ወዳጁ ዳርዩስ ሚዮ ጽፏል። እንግዲህ የእኔ ወዳጅ «ዘፈኑ መቼ ይጀምራል?» ቢል አይፈረድበትም፤ ሙዚቃ ሲባል ቀጥ ብሎ ማዳመጥ የሁላችንም ልማድ ነውና።

የመጀመሪያው ምርጫዬ እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ያወጣው «ሙዚቃ ለአውሮፕላን ማረፊያዎች» ነው። ኢኖ በ1975 መኪና ገጭቶት አልጋ ላይ ሳለ፥ ልትጠይቀው የመጣች ጓደኛው ሃርፕ በሚባለው የፈረንጅ በገና የተመታ ሸክላ ይዛለት መጣች። ሸክላው ሲዞር ድምፁ እጅግ አንሶ ነበር፤ ተነሥቶ እንዳያስተካክለው አቅም አልነበረውም። ተኝቶ ሲሰማ ዜማው ከዝናቡ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ አዲስ ነገር ሆነበት። ሙዚቃ እንደ ብርሃንና እንደ ዝናብ የክፍሉ አካል ሊሆን እንደሚችል የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

አሠራሩም የሚያስደንቅ ነው። በአንደኛው ክፍል እያንዳንዳቸው አንድ ኖታ ብቻ የያዙ የሰው ድምፆች ርዝመታቸው በተለያየ የቴፕ ክር ላይ ተቀርፀው፥ ክሮቹ ጫፍና ጫፋቸው ተቀጥሎ ያለማቋረጥ ይዞራሉ። በአንድ ሰፈር ያሉ ቤቶች ቡናቸውን በየራሳቸው ሰዓት ሲወቅጡ፥ የሙቀጫው ድምፅ አንዴ ተገጣጥሞ አንዴ ተለያይቶ እንደሚሰማ ማለት ነው። ለወዳጄ የጻፍሁለት፤ «ይህንን ከመሥሪያ ቤት ያመጣኸውን ወረቀት ስታገላብጥ፥ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ስማው። ብትረሳው አይቀየምህም» የሚል ነው።

ሁለተኛው ጃፓናዊው ሂሮሺ ዮሺሙራ በ1982 ያወጣው «ሙዚቃ ለዘጠኝ ፖስት ካርዶች» ነው። ዮሺሙራ በመስኮት የሚያየውን ደመናና የዛፍ ጥላ እያሰበ የደረሳቸው ዘጠኝ አጫጭር ዜማዎች ናቸው፤ በቶኪዮ ሐራ በሚባል የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥም ተሰምተዋል። ደራሲው በ2003 ዐረፈ፤ ሥራው በአሜሪካ እንደ ገና ታትሞ ብዙ የውጭ ሰው ያወቀው ግን በ2017 ነው። ይህ የማታ ሳይሆን የማለዳ ሙዚቃ ነው፤ ፊት ታጥቦ፥ መስኮት ከፍቶ፥ ሻይ እስኪፈላ ድረስ።

ሦስተኛው የራሳችን ሰው ነው። የዋልያስ ባንድ የኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ፥ በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ፒያኖ የአገር ቤት ዜማዎችን ቀረፀ፤ ከበሮውን የመታለት ማሽን ነበር። ካሴቱ ወጣ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ተረሳ። ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆኖ ለብዙ ዓመት ሠራ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ደንበኛ ሲጠብቅ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በኋላ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አገኘው፤ በ2013ም እንደ ገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጣ።

ኢንዲ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ይህንን ታሪክ እነግረዋለሁ። ቃሉ ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ነጻ ሆኖ በራስ ወይም በትንሽ አሳታሚ የሚወጣ ሥራ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ማስታወቂያ የሚነግርለት የለውም፤ የሚኖረው አንዱ ሰምቶ ለሌላው ሲያቀብለው ብቻ ነው። እኛ ባንሰማው ፈረንጅ ገዝቶ ወስዶ መልሶ ያሰማናል፤ ይህም ጥቂት ሊያሳፍረን ይገባል። ለወዳጄ «ብቻህን የሆንህ ሲመስልህ ስማው፤ ይህን የቀረፀውም ሰው ከአገሩ ርቆ ብቻውን ነበር» ብዬ ጻፍሁለት።

አራተኛው ግሩፐር በሚል ስም የምትታወቀው የአሜሪካዊቷ ሊዝ ሃሪስ «ፍርስራሾች» ነው። ሊዝ በ2011 በፖርቱጋል አልዤዙር በተባለች ትንሽ ከተማ ሳለች፥ አብዛኛውን በአንድ ፒያኖና በእጅ በሚያዝ መቅረጫ ብቻ ሠራችው፤ የታተመው በ2014 ነው። ከዜማው ጀርባ የእንቁራሪት ጩኸት ይሰማል። በአንደኛው ዜማ መጨረሻ ላይ ደግሞ በማዕበል ምክንያት ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመለስ ማይክሮዌቭ ምድጃው «ጢጥ» ሲል ይሰማል። ሌላ ሰው ቢሆን ስሕተት ነው ብሎ በቈረጠው ነበር፤ እርስዋ ግን ተወችው። «ይህንን መብራት አጥፍተህ፥ ለመተኛት ስትዘጋጅ» አልሁት።

ቃል የሌለውንና እስክስታ የማያስመታውን ሙዚቃ ምን ሙዚቃ አለው የሚል ሰው አይጠፋም። ለሠርግ አይሆንም፤ እኔም አልከራከርም። ነገር ግን በዐቢይ ጾም በገና ተቀምጦ የሰማ ሰው፥ ዝግ ያለ ድምፅ ልብን እንዴት እንደሚሰበስብ ያውቃል። ወጣት አንባቢዬም ለሰው ዜማ ስትመርጥ ስለ ዜማው ከምታስብ ይልቅ አስቀድመህ ስለ ሰውዬው ማታ አስብ። ከአርባ ያለ ማብራሪያ አንድ ከደብዳቤ ጋር ይበልጣል።

ወዳጄ ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ ደወለ። «ሴትዮዋን ትናንት ማታ ሰማኋት» አለኝ። «መብራት አጥፍተህ ስላልኸኝ አልነበረም፤ ራሱ ጠፍቶ ነው። እንቁራሪቶቹን ስሰማ የእኛ ግቢ እንቁራሪቶች መስለውኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ጢጥ ሲል፥ መብራት መጣ ብዬ ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ተነሣሁ። የመጣው ግን የእርስዋ መብራት ነው፤ የእኛ ገና ነው።»

«ማታውስ እንዴት ነበር?» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ «አለፈ» አለኝ። ቀጥሎም «አርባውን ግን ከስልኬ አጥፍቻቸዋለሁ» ሲል ጨመረ።